ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ጠዋት ሆዱን ያመዋል፣ ቅዳሜ ግን ደህና ነው»

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። በክረምት ከጅዳ ተመለስን። እዚያ ሁለት ዓመት የተማረው ቤት ቁጭ ብሎ በኦንላይን ነው። መስከረም ላይ ኮምቦልቻ ትምህርት ቤት አስገባሁት። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» ይላል፣ አንዳንዴም ያስመልሰዋል። ቅዳሜና እሁድ ደህና ነው። የወስፋት መድኃኒት ሰጠሁት። ለአሜባ የሚሰጠውን ሜትሮኒዳዞልም ሁለት ጊዜ ገዝቼ አስጨረስኩት፤ ለውጥ የለም። ሌላ ምን ልስጠው? እስኪሻለው በኦንላይኑ ቢቀጥልስ? ሰው ሁሉ «ስደቱ ነው ልጁን ያበላሸው» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሩ። ከመጨረሻው ልጀምር። ልጅዎ አልተበላሸም። ሁለት ዓመት ከስክሪን ጋር ብቻውን ተምሮ ድንገት በልጆች የተሞላ ክፍል ገባ። ቢፈራ ምን ይገርማል? በ2012 በኮሮና የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላም፣ ደሴም ኮምቦልቻም እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ነበሩ። አብዛኞቹ ቀስ እያሉ ለምደዋል።

ሕመሙም ውሸት አይደለም። ልጅ ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን የሚባል የድንጋጤ ሆርሞን ያመነጫል፣ አንጀቱም ይረበሻል። ይቆርጠዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ቤት ከቀረ ረፋዱ ላይ የሚለቀው፣ ቅዳሜ ጭራሽ የሚጠፋው ለዚህ ነው። «ትዋሻለህ» እንዳይሉት።

መድኃኒቱን ግን በቃ! ሜትሮኒዳዞል ራሱ ያቅለሸልሻል። አፍ ላይ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይተዋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ፍርሃት ባመመው ሆድ ላይ ሌላ ሕመም ጨመሩበት። ሰገራው ሳይመረመር፣ ያውም ሁለት ጊዜ! ፋርማሲው ስለሸጠልዎ ልጁ አሜባ አለበት ማለት አይደለም። ሦስተኛ እንዳይገዙ።

አሁን የምነግርዎትን ልብ ይበሉ። ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሕመም ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። የተኛ ልጅ ትምህርት ቤት አይፈራም። እምብርቱ አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታችኛው ሆዱ የሚወርድ፣ ሲራመድ የሚብስ፣ ትኩሳትና ማስመለስ ያለው ሕመም ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። እስቲ ዝለል ይበሉት። መዝለል ካቃተው፣ ወይም ሆዱን ይዞ ከጎበጠ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። በተገኘው ባጃጅ በሌሊት ሆስፒታል ያድርሱት። ሆዱን አያሳሹት። የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አይስጡት። ትርፍ አንጀት ይፈነዳል። ይህን ያህል የማስረዝመው ምክንያት ስላለኝ ነው። «ያው የትምህርት ቤቱ ፍርሃት ነው» እየተባለ ቤት የሚከርም ልጅ፣ ሐኪም ጋ ሲደርስ ሆዱ መግል ሞልቶት ይገኛል። የልጅዎ ሕመም ዛሬ ይህን አይመስልም። ምልክቱን ግን ይወቁት፤ ልጁን የሚጠብቅልዎት ሰው ካለም ይንገሩት።

ወደ ኦንላይኑ ይመለስ? አይመለስ። ቤት የዋለበት እያንዳንዱ ቀን የነገውን መንገድ ያከብድበታል። «እስኪሻለው» ካሉ ወር ይሄዳል፣ ወሩ ሴሚስተር ይሆናል። ይልቅ መምህሩን ያነጋግሩ። ለጥቂት ቀናት እስከ እረፍት ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ እስከ ምሳ፣ ከዚያ ሙሉ ቀን። የሰፈር ልጅ አብሮት ይሂድ። በር ላይ ስንብቱን ያሳጥሩት፤ ተደብቀው ግን አይጥፉበት። ማታ በጊዜ ይተኛ፣ ስልኩም እርስዎ ጋ ይደር።

ደግሞ ይጠይቁት፤ ፊት ለፊት አስቀምጠው ሳይሆን መንገድ ላይ አብረው ሲሄዱ። ዐረብ አገር የቆየ ልጅ የአማርኛ ፊደል ሊከብደው ይችላል። ተነሥቶ ሲያነብ ክፍሉ ስቆበት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ማታ ማታ አብረው ያንብቡ፤ እስኪለምድም ጮክ ብሎ እንዳያነብ መምህሩን ይለምኑ። ሽንት ቤቱን ተጸይፎ ቀኑን ሙሉ ይዞ የሚውል ልጅም አለ። ያ ብቻውን ሆድ ያሳምማል። የሚመታው ሰው ካለም ሳይፈራ እንዲነግርዎ ያድርጉ።

ሁለት ሦስት ሳምንት ሞክረው ካልሆነ፣ ወይም መብላትና መተኛት ካቃተው፣ ኪሎም ከቀነሰ፣ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ዓይኑን ግን ያን ሁሉ ሳይጠብቁ ያስመርምሩ። ስክሪን ቅርብ ነው፣ ሰሌዳው ሩቅ ነው። ሩቅ ማየት አቅቶት ሁለት ዓመት ማንም ሳያውቅበት ኖሮ ይሆናል። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ።