የሚንቀሳቀስ ቅርጽ ስትስሉ መንገዱን ሳሉ

ሰላም ልጆች፣

የምትሠሩት ቅርጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ቆሞ ሳለ የሳላችሁት ስዕል የነገሩን ግማሽ እንኳ አይነግርም። ይህን የምለው እዚሁ ጅማ በቆርቆሮ፣ በሽቦና በብስክሌት ቸርኬ የሚያስደንቅ ነገር የምትሠሩ ልጆች ስላላችሁ ነው። እሰይ፣ በርቱ። ግን ወረቀታችሁን ስታሳዩኝ የማየው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ቅርጹ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ልኩ ተጽፏል፣ ጥላው አምሯል። እንቅስቃሴውስ? አንድ ጠማማ ቀስት ብቻ። ቀስት «ይዞራል» ከማለት አያልፍም። እስከ የት ይዞራል? በምን ያህል ፍጥነት? የት ላይ ያመነታል? ተመልሶ ይመጣል ወይስ ይቀጥላል? ስለዚህ ሁሉ ዝም ነው።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ድሮዊንግ ጠረጴዛ ላይ ነው። መጀመሪያ የማሽን ክፍሎች እየሳልኩ፣ በኋላ ደግሞ እያስተማርኩ። ስለዚህ ምክሬ የድራፍቲንግ ሰው ምክር ነው፤ ሥነ ጥበብ የተማራችሁ የምትጨምሩበት ይኖራችኋል።

አንድ ሥራ ልንገራችሁ። ሩሲያ ተወልዶ ያደገው ቀራጺ ናውም ጋቦ እ.ኤ.አ. በ1919 እና በ1920 መካከል አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ከሞተር ጋር አያያዘ። ሞተሩ ሲጠፋ የምታዩት ዘንግ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ሞተሩ ሲነሳ ግን ዘንጉ ይርገበገብና አየር ላይ ሆዱ የተነፋ፣ ወገቡ የጠበበ፣ ከጀርባው ያለውን የሚያሳይ ስስ ቅርጽ ይወጣል። ሥራው እሱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የሚስለው ሰው ዘንግ ስሎ ይሄዳል። የእናንተም ስዕል እንዲህ እንዳይሆን ነው ጭንቀቴ።

የጅማን በርጩማ አስቡት። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ፣ በሦስት እግሩ የሚቆመውን። ጠራቢው ስዕል አያስፈልገውም፤ አንዱ በርጩማ ለሚቀጥለው ራሱ ማስረጃ ነው፣ ልጁ አጠገቡ አስቀምጦ እያየ ይጠርባል። ተንቀሳቃሽ ቅርጽ ግን ሲቆም ማስረጃነቱ አብሮት ይቆማል። ኩሽኔታው ሲዝግ፣ ሞተሩ ሲቃጠል፣ አንድ ክንፍ ሲወድቅ፣ እንዴት ይሄድ እንደነበር የሚናገር ነገር የለም። ወረቀታችሁ ካልተናገረ በቀር።

ከክር ጀምሩ። 25 ሳንቲሜትር ክር ላይ ዳዶ እሰሩና ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት። ልኩ ከክሩ መስቀያ እስከ ዳዶው መሃል ነው። ደርሶ መልሱ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ክሩን 1 ሜትር ካደረጋችሁት 2 ሰከንድ ይሆናል። ክሩ አራት እጥፍ ሲረዝም ጊዜው የሚጨምረው እጥፍ ብቻ ነው፤ ዳዶው ቢከብድ ቢቀል ለውጥ የለውም። ይህ ሰዓታችሁ ነው፣ ባትሪ አይጠይቅም።

አሁን ቀስ ብሎ የሚዞር ቅርጽ ፊት ቁሙ። ከጀርባው ሰፊ ካርቶን ወይም ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከቅርጹ አንድ ጫፍ ብቻ ምረጡ። አንድ ጓደኛችሁ ዳዶውን እያየ በየሰከንዱ ያጨብጭብ። እናንተ ከአንድ ቦታ ሳትነቃነቁ፣ ጭብጨባው በተሰማ ቁጥር ጫፉ የነበረበትን ቦታ በነጥብ ምልክት ስታደርጉ ቆዩ። ነጥቡን ራሳችሁ ለማድረግ እጃችሁ ካልደረሰ ሌላ ሰው ወረቀቱ ዘንድ ቆሞ እናንተ «ወደ ግራ፣ ወደ ላይ» በሉት። መጀመሪያ ላይ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው የሚሆነው። ዝም ብላችሁ ቀጥሉ። ነጥቦቹ ሲጠራቀሙ የተጠጋጉበትና የተራራቁበት ቦታ ይለያል፤ በክረምት ጭቃ ላይ የሮጠ ሰው ዱካና ቀስ ብሎ የተራመደ ሰው ዱካ እንደሚለያየው ማለት ነው። ከቆማችሁበት ሲታይ የተጠጋጉበት ቅርጹ የዘገየበት፣ የተራራቁበት የፈጠነበት ነው። እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ጊዜ ገባ። ቀስት ይህን አያደርግም።

እባካችሁ ነጥቦቹን በሚያምር ከርቭ ለማገናኘት አትቸኩሉ። ወጣት እጅ ማለስለስ ይወዳል። ቅርጹ በመሃል ነቅነቅ ካለ፣ ቆም ካለ፣ ወደ ኋላ ሸተት ካለ እንዳለ ይግባ። ብዙ ጊዜ የሥራው ነፍስ ያለችው እዚያች ማመንታት ውስጥ ነው።

«አንድ ጫፍ ብቻ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሰው ኤቲየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሰው አካሄድ በፎቶ ሊመዘግብ ሲነሳ ምስሎቹ እየተደራረቡ አስቸገሩት። ምን አደረገ? ሰውየውን ከራስ እስከ እግር ጥቁር አለበሰው፣ በክንዱና በእግሩ ላይ ነጭ መስመር ዘረጋ፣ በጥቁር ግድግዳ ፊት አስኬደው። ፎቶው ላይ ሰውየው ጠፋ፣ መስመሮቹ ብቻ ቀሩ፤ አካሄዱ ያኔ ታየ። እናንተም ብዙውን ለመደበቅ ድፈሩ። ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፉና ዓይናችሁን ከእሱ አትንቀሉ። ያኛውን ክንፍ ሌላ ወረቀት ላይ ትስሉታላችሁ።

በሞተር ለሚሠራ ቅርጽ ደግሞ የድሮ የቴክኒካል ድሮዊንግ መልመጃ አለላችሁ፣ ሎከስ፤ የሚንቀሳቀስ ነጥብ የሚሄድበትን መንገድ መሳል ማለት ነው። የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ገዝታችሁ ክራንክ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞር አጭር ክንድ፣ ለምታበጁለት እሱን ነው የምመክረው። ክራንኩ 10 ሳንቲሜትር፣ የሚገፋው ዘንግ 30 ሳንቲሜትር ይሁን። የዘንጉ ሌላኛው ጫፍ በቀጥታ መስመር ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። ክቡን በ30 ዲግሪ እየከፈላችሁ 12 ቦታ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኮምፓስ ከእያንዳንዱ ምልክት 30 ሳንቲሜትር እየለካችሁ ጫፉ የት እንደሚደርስ ፈልጉ። መነሻችሁ ክራንኩና ዘንጉ በአንድ መስመር ተዘርግተው ጫፉ ሩቅ የሚሆንበት ቦታ ነው። ከዚያ ሲነሳ የመጀመሪያው ሩብ ዙር ጫፉን 11.7 ሳንቲሜትር ይወስደዋል፣ ሁለተኛው ሩብ 8.3 ብቻ። ሞተሩ እኩል እየዞረ፣ ጫፉ እኩል አይሄድም! ሲነሳ 1.8 ሳንቲሜትር ያህል ነው በ30 ዲግሪ የሚሄደው፣ መሃል ላይ ከ5 ያልፋል፣ መጨረሻው ጥግ ሲደርስ ከ1 ያንሳል። ከዘንጉ ጫፍ ጋር የተያያዘ ክንፍ ጥግ ሲደርስ የሚያሳየው ማሰብ የመሰለ ነገር ከዚህ የመጣ ነው። ይህን ወረቀት ላይ አስቀድሞ ያየ ልጅ ብረት ሳይቆርጥ እንቅስቃሴውን መቀየር ይችላል፤ ዘንጉን ሲያሳጥር ምን እንደሚሆን፣ ክራንኩን ሲያስረዝም ምን እንደሚሆን ያውቃል። ላሜራ ውድ ነው፣ ወረቀት ርካሽ ነው።

በነፋስ የሚሄደው ይከብዳል። ክንድ በክንድ ላይ የተንጠለጠለበትን ዓይነት ማለቴ ነው፣ አሜሪካዊው ቀራጺ አሌክሳንደር ካልደር ዓለምን ያስለመደውን። ካልደር እ.ኤ.አ. በ1919 የተመረቀው በሜካኒካል ምህንድስና እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። እዚህ ኪቶ ካምፓስ ኢንጂነሪንግ የምትማሩና «ጥበብ የእኔ አይደለም» የምትሉ ልጆች ይህን ያዙልኝ። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሲገጣጠም ከታች ወደ ላይ ነው፤ የታችኛው ክብደት ሳይታወቅ የላይኛው መስቀያ ቦታ አይታወቅምና። የሽቦውን ክብደት ትተን፣ 100 ግራም ቆርቆሮ ከመስቀያው በ20 ሳንቲሜትር፣ 50 ግራም ደግሞ በሌላው ወገን በ40 ሳንቲሜትር ሚዛን ይጠብቃሉ። ስትስሉ ግን ከላይ ወደ ታች ውረዱ። የላይኛው ክንድ ሲዞር የታችኞቹን በሙሉ ይዞ ነው የሚዞረው። የእሱን ክብ ሳሉ፣ ከዚያ በክቡ ላይ የሁለተኛውን ክብ፣ እያለ ይወርዳል። የታችኛው ቅጠል በዚህች ደቂቃ የት እንደሚሆን ማንም አይተነብይም፤ እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ግን መሳል ይቻላል። ያንን ወሰን ሳሉት። ግድግዳ እንዳይመታ፣ የሰው አናት እንዳይነካ የሚያሳያችሁም እሱ ነው።

ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ለመመዝገብ ጥላውን ተጠቀሙ። እዚህ ላይ ጅማ መኖራችን ጠቅሞናል። በእኛ ከተማ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ትቆማለች። እኩለ ቀን የምለው በሰዓታችን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢን ነው። ነሐሴ ደመና ይበዛዋል፣ የሚያዝያው ይሻላል። በዚያች ሰዓት ከቅርጹ ሥር ሰፊ ወረቀት አንጥፉ፤ ጥላው ሳይንጋደድ፣ ሳይረዝም፣ በራሱ ልክ ይወድቃል። በከሰል ተከተሉት። አንዳችሁ ሳሉ፣ አንዳችሁ አጨብጭቡ። እኔ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል የስዕል ሥራ አላውቅም፣ ቅርጹ ራሱ እየመራ ነው የሚያስላችሁ።

ስልክ አለን፣ ቪዲዮ እናነሳለን የምትሉ ትኖራላችሁ። አንሱ! ለፈጣን እንቅስቃሴማ የግድ ነው። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ከሆነ እያንዳንዱ ሦስተኛ ምስል የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። ቪዲዮውን ላፕቶፕ ላይ እያስቆማችሁ፣ ትሬሲንግ ፔፐር ስክሪኑ ላይ ለጥፋችሁ ነጥብ በነጥብ አውርዱት። ስልኩ ይራቅ፣ ከቅርጹ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ 1 ሜትር የተለካ እንጨትም ከቅርጹ ጎን ይቁም፣ አለዚያ ልክ የሚባል ነገር አይኖራችሁም። ቪዲዮውን ብቻ ይዛችሁ እንዳትቀሩ የምለው ግን ለዚህ ነው። ቪዲዮ ሁሉንም እኩል ያሳያል፣ ነፋሱን፣ ዛፉን፣ የሚያልፈውን ባጃጅ። ስዕል ምረጥ ይላችኋል። ስትመርጡ ነው ሥራችሁን የምታውቁት። ደግሞ አንድ ደቂቃ ሙሉ የሆነውን በአንድ ገጽ ላይ አንድ ላይ ማየት ቪዲዮ አይሰጣችሁም።

እስክሪብቶ ቅርጹ ላይ አስረን ራሱ ይሳል የሚል ሐሳብ ያመጣችሁ ልጆችም አላችሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ቀራጺ ዣን ቲንግሊ እ.ኤ.አ. በ1959 የሚስሉ ማሽኖች ሠርቶ ለሕዝብ አሳይቷል። ነገር ግን የእሱ ማሽኖች ለመሳል የተሠሩ ነበሩ። የእናንተ ቀላል የቆርቆሮ ቅጠል ማርከር ከታሰረበት ይከብደዋል፣ ወረቀቱም ይይዘዋል፤ የምትመዘግቡት ሌላ እንቅስቃሴ ይሆናል። በሞተር ለሚሄድ ጠንካራ ክንድ ሞክሩት፣ ለነፋስ ሥራ ተዉት።

ይኸው ቲንግሊ በ1960 ኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ማሽን አቁሞ፣ ማሽኑ በዚያው ምሽት ራሱን አፈራረሰ። እሱ ፈልጎ ያደረገው ነው። የእኛዎቹ ግን ሳንፈልግ ነው የሚሞቱት። እዚህ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ በነፋስ የሚዞር የብረት ሥራ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ነፋስ ሲነሳ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ግማሽ ዙር ይዞርና ይመለሳል፣ ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ክንዱ ተሰበረና በያጅ ተጠርቶ በይዶት ሄደ። ብየዳው ጥሩ ነበር። ግን የመስቀያው ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ብሏል፣ ሚዛኑ ተዛብቷል፣ እስከ ዛሬ አንድ ጎኑ ወርዶ ቆሟል። በያጁን አልወቅስም፣ ምን አይቶ ያስተካክል? የሚያሳየው አንድ ወረቀት አልነበረም። ስለዚህ ነገር ሳስብ አሁንም ይከነክነኛል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስዕል ጥግ ቀኑን ጻፉ። ሰዓቱን፣ ነፋሱ ምን ይመስል እንደነበር፣ የት ቆማችሁ እንደሳላችሁ፣ ነጥቦቹ በየስንት ሰከንዱ እንደተደረጉ፣ ስኬሉን። «ነፋስ» ብቻ አትበሉ፤ የባሕር ዛፍ ጫፍ ያወዛውዝ ነበር፣ ወይም ጭስ ብቻ ያጋድል ነበር ብላችሁ ጻፉ፤ የሚያነበው ሰው ይገባዋል። የመስቀያውን ቦታ ከሁለቱም ጫፍ ለክታችሁ አስገቡ።

በእርሳስ ወይም በቻይና ቀለም ሥሩ። ማርከርና ባለ ቀለም እስክሪብቶ ብርሃን ላይ ይደበዝዛል። የጅማ እርጥበት ደግሞ ለወረቀት ጠላት ነው፤ ጠቅልላችሁ በፌስታል አታፍኑት፣ ይሻግታል። በካርቶን መሃል ዘርግታችሁ፣ ከግድግዳና ከወለል አርቃችሁ አስቀምጡት፣ በክረምት ፀሐይ ስትወጣ አየር ይንካው። ፎቶ አንሱትና ሁለት ሦስት ሰው ጋ ይቀመጥ። አንድ ኮፒ ደግሞ ቅርጹ ላለበት ግቢ ጥበቃ ወይም ጸሐፊ ስጡ፣ ምክንያቱም በያጅ ሲጠራ እናንተ እዚያ ላትኖሩ ትችላላችሁ።