ኃይለ፣ ኃይሌ፣ ኃይሉ፦ አንድ ስም ወይስ ሦስት?

ጥያቄ፦ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመጀመሪያ ስም አንድ ነውን? በላቲን ፊደል ሲጻፉ ምንም ልዩነት አይታይባቸውም። ልዩነት ካላቸውስ «ኃይሉ» የሚለው ስም የሚቀርበው ለየትኛው ነው?

መልስ፦ ሁለቱ ስሞች ከአንድ ቃል ቢወጡም አንድ ስም አይደሉም። ልዩነታቸው ያለው በመጨረሻዋ ፊደል ላይ ነው፤ የላቲኑ አጻጻፍ «ለ»ንና «ሌ»ን ለይቶ ስለማያሳይ በእኛ ፊደል ግልጽ የሆነው ነገር እዚያ ይደበዝዛል።

የሦስቱም መነሻ «ኃይል» የሚለው የግዕዝ ቃል ነው። ቃሉ ብርታትንና ሥልጣንን፣ እንዲሁም ሠራዊትን ይገልጻል፤ ዛሬም «አየር ኃይል» ወይም «የጦር ኃይል» ስንል የምንጠቀመው በዚሁ በሠራዊት ትርጉሙ ነው። ዕብራይስጥና ሱርስትም የዚሁ ቃል ዘመድ አላቸው፤ በእነርሱም ዘንድ ብርታትንና ጭፍራን ያመለክታል።

በግዕዝ ሰዋስው አንድ ስም ሌላውን ስም በዘርፍነት ሲይዝ፣ የመጨረሻ ፊደሉ ሳድስ ከሆነች ወደ መጀመሪያው ድምፅ ትመለሳለች፤ «ል» የነበረችው «ለ» ትሆናለች። ስለዚህ «ኃይለ ሥላሴ» ማለት «የሥላሴ ኃይል»፣ «ኃይለ ማርያም» ማለትም «የማርያም ኃይል» ነው። «ኃይለ» ብቻውን ሙሉ ስም ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ «የማን ኃይል?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ይቀራል። በ1848 ዓ.ም. ያረፉት የሸዋው ንጉሥና የዳግማዊ ምኒልክ አባት ኃይለ መለኮት፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሸዋ የተዋጉት አርበኛ ኃይለ ማርያም ማሞ፣ ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሁሉም የያዙት ይህንኑ ባለ ሁለት ቃል ስም ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ ስም ግን ከሁሉም ይልቅ በስሕተት ሲከፈል የኖረ ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ሲወለዱ የተሰጣቸው ስም ተፈሪ፣ የአባታቸው ስም መኮንን፣ የክርስትና ስማቸው ደግሞ ኃይለ ሥላሴ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የነገሡት በዚሁ በክርስትና ስማቸው ነው። እንግዲህ «ሥላሴ» የአባታቸው ስም አይደለም፤ የቤተሰብ ስምም አይደለም። በውጭ አገር ጽሑፎች ዘንድ ንጉሡን «ሥላሴ» ብሎ ብቻ መጥራት የተለመደ ሆኗል፤ ነገር ግን ይህ አጠራር አንድን ሰው በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም መጥራት ስለሚሆን፣ ከሰዋስው ጉድለቱ በላይ የስሙን ሐሳብ ራሱን ይገለብጠዋል። የእኛ ጸሐፊዎችም ከባዕድ ቋንቋ ሲተረጉሙ ይህን እንዳለ ሲያስገቡ አያለሁ፤ ሊታረም ይገባዋል።

ወደ «ኃይሌ» ስንመጣ ሰዋስዉ የአማርኛ ይሆናል። «የእኔ ኃይል» ለማለት ግዕዙ «ኃይልየ» ሲል አማርኛው «ኃይሌ» ይላል፤ ስሙም በራሱ የተሟላ ነው፣ የሚከተለው ቃል የአባት ስም ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. በአሰላ አካባቢ የተወለዱት አትሌት ስማቸው «ኃይሌ»፣ የአባታቸው ስም «ገብረ ሥላሴ» ነው። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ የ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቁት፣ በ2001 ዓ.ም. መባቻ በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ የጨረሱት እኚሁ ሰው ናቸው። በጎንደር የተወለዱት የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ሥላሴ የሚለው ቃል በንጉሡም በአትሌቱም ስም ውስጥ መገኘቱ አንባቢን ሳያሳስት አይቀርም፤ በአንደኛው ቦታ የራስ ስም ክፍል ነው፣ በሌላው የአባት ስም ክፍል።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ክርስትና ስሙ ኃይለ ጊዮርጊስ ወይም ኃይለ ሚካኤል የሆነ ሰው በቤቱና በሰፈሩ አጥሮ «ኃይሌ» ሊባል ይችላል፤ ወልደ ማርያም «ወልዴ»፣ ገብረ መስቀል «ገብሬ»፣ ተክለ ሃይማኖት «ተክሌ» እንደሚባሉት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መጨረሻ ላይ ያለችው ኃምስ ድምፅ የምታሳየው ባለቤትነትን ሳይሆን ማቆላመጥን ነው። ስለዚህ «ኃይሌ» የሚባል ሰው ሁሉ ወላጆቹ «ኃይሌ ነህ» ብለው የሰየሙት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ቅርጹ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ፣ የሚለየው የሰውዬውን ሙሉ ስም በመጠየቅ ብቻ ነው።

«ኃይሉ» ራሱን ችሎ የሚቆም በመሆኑ የሚቀርበው ለ«ኃይሌ» ነው። «የእርሱ ኃይል» ማለት ሲሆን ግዕዙም አማርኛውም በአንድ ቅርጽ ይናገሩታል፤ «እርሱ» የተባለው እግዚአብሔር ይሁን ወይም ሌላ፣ የሚያውቀው ስም አውጪው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ኃይሉ ይባሉ ነበር፤ በ1928ቱ ጦርነት በሰሜን ግንባር የዘመቱት ልዑል ራስ ካሳም ካሳ ኃይሉ ናቸው። የሁለቱም አባቶች ኃይሉ ስለነበሩ ስማቸው ፈጽሞ ገጥሟል፤ የታሪክ ጸሐፊ ዘመኑን ወይም ማዕረጉን ሳይጠቅስ «ካሳ ኃይሉ» ብሎ ቢጽፍ የትኛውን እንደሚል አይለይም።

ስለ አጻጻፉም ጥቂት ልጨምር። «ኃይለ ሥላሴ»ን ለያይቶም ሆነ «ኃይለሥላሴ» ብሎ አጋጥሞ መጻፍ ሁለቱም ተለምዷል። በመጽሐፍ ውስጥ የግዕዙ ዘርፍ እንዲታይ መለየቱን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን «ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» ተብሎ በተከፋፈለ ቅጽ ላይ ሲሞላ ማጋጠሙ ይሻላል፤ ያለዚያ «ኃይለ» ስም፣ «ማርያም» የአባት ስም ሆኖ ይመዘገባል፣ እውነተኛው አባትም ወደ አያት ቦታ ይገፋል። የመጀመሪያዋን ፊደል በተመለከተ፣ በአማርኛ የሀ፣ የሐና የኀ ድምፆች ስለተዋሐዱ ብዙዎች «ሃይሌ» ወይም «ሐይሌ» ብለው ይጽፋሉ። የግዕዙ ሥር «ኀ» በመሆኑ «ኃይሌ» የሚለው ይቀድማል፤ የስሙ ባለቤት በራሱ ሰነድ ላይ በሌላው ፊደል ካጻፈ ግን እርሱን ስንጠቅስ እርሱ እንደጻፈው እንጽፋለን።