ረቂቅ ሕግ ስታነቡ «ይችላል» የሚለው ቃል ላይ ቆም በሉ

ልጆቼ፣ የአካባቢና የሕዝብ ደህንነት ጥበቃን የሚያላላ ረቂቅ ሕግ ሲመጣ ምን እናድርግ እያላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔ ከ30 ዓመት በላይ የፋብሪካ ሴፍቲ ኢንስፔክተር ሆኜ ነው የሰራሁት፣ ጠበቃም ፖለቲከኛም አይደለሁም፣ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፣ እንዲህ አይነት ሕግ በርዕሱ አይታወቅም። ርዕሱ ማቀላጠፍ፣ ማዘመን፣ ምልልስ መቀነስ ነው የሚለው። ጉዳቱ ያለው ውስጥ ነው፣ አንዳንዴ በአንዲት ቃል።

ነባሩ ሕግ «መመርመር አለበት» ያለውን አዲሱ «ሊመረምር ይችላል» ካለው ምርመራው ቀረ ማለት ነው። «ስራ ከመጀመሩ በፊት» የነበረው «ስራ ከጀመረ በኋላ» ሲሆን፣ ወይ መስሪያ ቤቱ በተባለው ቀን መልስ ካልሰጠ እንደተፈቀደ ይቆጠራል ሲል፣ እዛ ጋ አስምሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ በማርከር ነው የሚሰራው። ትርጓሜ የሚለውን አንቀጽ ደግሞ ሰልቺ ነው ብላችሁ እንዳትዘሉት፣ «አደገኛ ቆሻሻ» የሚለው ፍቺ ከጠበበ ከስሩ ያሉት አንቀጾች በሙሉ ሳይነኩ ባዶ ይሆናሉ።

አንዴ አንድ ፋብሪካ ሳልናገር ሄጄ እንፋሎት የሚያመርተው ቦይለር ያለበት ክፍል ገባሁ፣ ሴፍቲ ቫልቩ፣ ግፊት ከልክ ሲያልፍ በራሱ ተከፍቶ እንፋሎቱን የሚያስወጣው ማለቴ ነው፣ በሽቦ ተጠፍሮ አገኘሁት። እየተከፈተ ስራ አስቸገረን ብለው ነው። ሽቦው ዝጓል፣ ከታሰረ ቆይቷል ማለት ነው፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ የኦፕሬተሩ ወንበር አለ፣ ሹራቡም መደገፊያው ላይ ተንጠልጥሏል። ያንን ያየሁት ሕጉ ሳታሳውቅ ግባ ስለሚለኝ ብቻ ነው። ከአስር ቀን በፊት በደብዳቤ አሳውቅ ቢለኝ ኖሮ ሽቦው ይፈታል፣ እኔ ስወጣ ተመልሶ ይታሰራል።

«ድርጅቱ ራሱ የቀጠረው ባለሙያ ማረጋገጫ ይበቃል» የሚል አንቀጽ ካያችሁ ደግሞ ብራዚል ብሩማዲንሆን አስታውሱ። እዛ የነበረው የማዕድን ዝቃጭ ግድብ የተረጋጋ ነው ተብሎ ተፈርሞለት ነበር፣ የፈረመው ድርጅት የተቀጠረው በማዕድኑ ባለቤት ነው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 ግድቡ ተደረመሰና 270 ሰው ሞተ፣ የሰራተኞቹ ካፍቴሪያ ከግድቡ ስር ነበር። ሕንድ ቦፓል በነበረው የፀረ ተባይ ኬሚካል ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1984 መርዛማው ጋዝ ያመለጠ ሌሊት ታንኩን የሚያቀዘቅዘው ማሽን ከጠፋ ወራት አልፎት ነበር። ብዙው «አለበት» ከእንዲህ አይነት አደጋ በኋላ ነው የተጻፈው፣ አውሮፓም ኬሚካል ፋብሪካዎችን የሚቆጣጠረውን የሴቬሶ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው በ1976 ጣሊያን ሴቬሶ ላይ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ከፋብሪካ አምልጦ አየር ላይ ከተበተነ በኋላ ነው።

ደንብ በዛብን የሚሉትን ግን ዝም ብላችሁ አትሳደቡ። እውነት አላቸው፣ ማንም የማያነበው ፎርም ስንት ዓመት አስሞልቻለሁ፣ ሶስቱን ፎርም አንድ አድርጉት፣ ኢንስፔክተር ጨምሩና መልሱ ቶሎ ይድረስ በሏቸው፣ ምርመራው ግን አይነካም። አስተያየታችሁን ስትጽፉ የአንቀጹን ቁጥር፣ አሁን ያለውን ዓረፍተ ነገር፣ እናንተ የምትፈልጉትን ዓረፍተ ነገርና ማን እንደሚጎዳ አስቀምጡ፣ ረቂቁ ኮሚቴ ላይ እያለ፣ ከጸደቀ በኋላ ማስመለሱ ዓመታት ይፈጃልና። ምስክር ስትፈልጉ ደግሞ ከባለሙያ በፊት ወንበሩ ላይ ከሚቀመጠው ሰው ጀምሩ። ያ ኦፕሬተር አለቃው ፊት ቫልቩን ማን አሰረው ስለው አንገቱን ደፍቶ ዝም ነበር ያለው፣ ወጥቼ በሩ ጋ ስደርስ ግን ሮጦ ደረሰብኝና «ጋሼ፣ ሌላ ጊዜም እንዲሁ ሳይናገሩ ይምጡ» አለኝ።