ስንት ዊንጌት አለ?

ጥያቄ፦ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ዊንጌት ሰፈር ነው። አሁን እስራኤል ነኝ። ልጄ ደግሞ «ስፖርት ልማር ዊንጌት ልገባ ነው» ይለኛል። ግጥምጥሞሽ ነው ወይስ ነገር አለው?

መልስ፦ ነገርማ አለው፣ ሰውየው አንድ ነው! ኦርድ ዊንጌት የሚባል የእንግሊዝ መኮንን። እኤአ በ1930ዎቹ ፍልስጤም ሳለ የአይሁድ ታጣቂዎችን የሌሊት ውጊያ አሠለጠነ፣ ለዚህም ነው ነታንያ አጠገብ ያለው የስፖርት ተቋም በስሙ የተጠራው። ሐይፋ አካባቢ ያለው የሚን ኦርድ የተባለው የወጣቶች መንደርም የእሱው ነው፤ ብዙ የኛ ልጆች እዚያ ተምረዋል።

ከዚያ ወደኛ መጣ። የጌዴዎን ጦር የተባለውን እየመራ ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ ጣልያንን ወጋ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡም አብሮ ነበር። ለየት ያለ ሰው ነው፤ ጥሬ ሽንኩርት እንደ ፖም ይገምጥ ነበር አሉ። እኤአ በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሕንድ ውስጥ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ሰፈርዎም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የታክሲ ረዳቱ «ዊንጌት፣ ዊንጌት!» ሲል የሚጠራው እንግሊዛዊ ጄኔራል መሆኑን ስንቱ ተሳፋሪ ያውቃል?

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብዎ። በሱዳን ታሪክ የሚያገኙት ዊንጌት ሌላ ነው። እሱ ሰር ሬጂናልድ ነው፣ እኤአ ከ1899 እስከ 1916 ሱዳንን የገዛው፤ ለኦርድ አባት የአጎት ልጅ ይሆናል።