ለፋንታሲ ጽሑፍ ፕራግን በብርዱ ልያት ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። በአማርኛ ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ጭራቅ ያለበት ልብወለድ፣ እየጻፍሽ ነው። ታሪኩ የሚካሄድበት የድንጋይ ከተማ ግን አልጨበጥ ብሎሻል፤ ስለዚህ የቼክን ዋና ከተማ ፕራግን ማየት አማረሽ። ርካሽ ቲኬት ያገኘሽው በጥር ስለሆነ፣ በዚያ ብርድ መሄዱ ያዋጣል ወይስ የፈረንጆቹን በጋ ልጠብቅ ነው ያልሽው። እኔ የምኖረው ጀርመን ነው፤ በአውቶቡስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ በሐምሌ፣ አንዴ ደግሞ የኛን ገና ባከበርኩ ማግስት። ለጽሑፍ ከሆነ ሳታመነቺ በብርዱ ሂጂ።

በሐምሌ ያየሁት የሰው ጀርባ ነው። በከተማዋ ወንዝ ላይ ያለው የቻርልስ ድልድይ ከ500 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ያን ሁሉ መንገድ እየተገፋሁ አለፍኩት። በጥር ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ውሻውን ከሚያንሸራሽር አንድ ሽማግሌ በቀር ማንም አልነበረም። በድልድዩ ግራና ቀኝ 30 ሐውልቶች ቆመዋል። ሌሊቱን ነፋስ በድልድዩ ርዝመት ሲነፍስ አድሯል መሰለኝ፣ በረዶው የተለጠፈባቸው በአንድ ጎናቸው ብቻ ነው። ስሄድ ሁሉም ጥቁር ነበሩ። ዞር ብዬ ስመለስ ሁሉም ነጭ ሆነው ጠበቁኝ። ይህን ቤቴ ተቀምጬ መቼም አላስበውም ነበር። አሁን የልብወለዴ ሁለተኛ ምዕራፍ የሚከፈተው በዚህ ነው።

እዚያው ድልድይ ላይ አንድ ችግር ገጠመኝ፤ አንቺንም ይገጥምሻልና ልንገርሽ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ "በረዶ" ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። በኛ ቋንቋ ከሰማይ እየተንኳኳ የሚወርደውም በረዶ ነው። ብርጭቆ ውስጥ የሚገባውም በረዶ ነው። ይሄ ድምፅ የሌለው፣ ኮት ላይ አርፎ የሚቀረውም በረዶ ነው። ሌሎች ቃላት የሉንም ማለቴ አይደለም። ውርጭ አለን፤ አመዳይ አለን፤ ደጋ ያደገ ሰው ያውቃቸዋል። ዳዊት የደገመ ሰውም ከበረዶ ይልቅ ነጭ መሆንን በልጅነቱ ሰምቷል፣ በዓይኑ ባያየውም። ግን አንባቢሽ አብዛኛው በረዶ ሲባል ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚንጫጫው ነው የሚመጣበት። ስለዚህ ስሙን ጠርተሽ አትለፊው። የሚያደርገውን ጻፊ። ከእግር በታች እንደ ደረቅ ጨው ይንኮሻኮሻል። ድምፅን ይውጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። እጅ ላይ ሲያርፍ ቅርጹን ለማየት የሚበቃ ጊዜ ብቻ ይሰጥና ይጠፋል።

ቅርጹን ካነሳሁ ዮሐንስ ኬፕለርን ሳልጠቅስ አላልፍም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) የፕላኔቶችን ጉዞ ሕግ ያገኘው ሰው በ1611 አካባቢ እዚሁ ፕራግ ነበር የሚኖረው፣ የንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ ዳግማዊ የሒሳብ ሊቅ ሆኖ። ደመወዙ በጊዜው አይከፈለውም ነበር። ለአዲስ ዓመት ለወዳጁ ምን ልስጠው እያለ ድልድዩን ሲሻገር በረዶ ኮቱ ላይ ወደቀ። አየው፤ ሁሉም ስድስት ጫፍ አለው። ለምን አምስት ወይም ሰባት አልሆነም? ብሎ ጠየቀና ጥያቄውን ትንሽ ድርሳን አድርጎ ለወዳጁ ሰጠው። በላቲን የበረዶ ስም "ኒክስ" ነው፤ በጀርመንኛ ደግሞ "ምንም" ለማለት ከዚያ የሚቀራረብ ቃል አለ። ምንም የሌለው ሰው ምንምን ስጦታ አደረገው። ከማር እንጀራና ከሮማን ፍሬ ጋር እያነጻጸረ ብዙ ደከመ፤ የመጨረሻውን መልስ ግን አላገኘም። አንቺ ጠንቋይ ወይም ሊቅ ገጸ ባሕርይ ካለሽ፣ ዕውቀቱን በዚህ መንገድ አሳዪው። ኮቱ ላይ የወደቀ ነገር ያስቁመው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ለኔ የጉዞው ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አሮጌው ከተማ አደባባይ ላይ በማዘጋጃ ቤቱ ግንብ የተሰካ የከዋክብት ሰዓት አለ። የተሠራው በ1410 ነው። ቱሪስቱ የሚሰበሰበው በየሰዓቱ ለሚያሳየው ትርኢት ነው፤ አጽሙ ደወል ይደውላል፣ ሐዋርያት በመስኮት ያልፋሉ፣ በመጨረሻ ዶሮው ይጮኻል። እሱን እዪው፤ አንዴ ይበቃል። ሰዉ ሲበተን ግን አንቺ እዚያው ቁሚ። የውጭውን ቀለበት ተመልከቺ። ከ1 እስከ 24 በጥንት ፊደል የተጻፈ ቁጥር አለው። የድሮ ቼኮች ሰዓት የሚቆጥሩት ፀሐይ ከጠለቀች ጀምረው ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ 24 ሞላ፤ ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያሉ ይሄዳሉ። ይህን ሳውቅ ብርዱን ረሳሁት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለትን እኮ ማንም አላስተማረኝም፤ ከእናቴ ነው የሰማሁት።

ልዩነቱ ደግሞ ከተመሳሳይነቱ ይበልጣል። የኛ አገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ክረምት ከበጋ በተቀራራቢ ሰዓት ነው የምትጠልቀው። ስለዚህ 12 ሰዓትን አንድ ቦታ ተክለን መኖር እንችላለን። ፕራግ ላይ ግን በጥር መጀመሪያ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። በሰኔ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ትቆያለች። ሰዓቱ ፀሐይን እንዲከተል ታዲያ ቀለበቱ ራሱ ከወቅቱ ጋር ይዞራል። አስቢው፤ ቁጥሮቹ የሚንቀሳቀሱበት ሰዓት! እኔ ያን ሌሊት ሆቴል ገብቼ የልቦለዴን ከተማ የሰዓት አቆጣጠር ከስር ቀየርኩት። ቀን ሲያጥር በር የሚዘጋበት ሰዓት ተቀየረ፣ የዘበኞች ፈረቃ ተቀየረ፣ ገበያ ተቀየረ። አልጨበጥ ያለኝ ከተማ ራሱን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ያንቺም ከተማ የጎደለው ግንብ አይመስለኝም።

ስለ ሰዓቱ የሚነገር ተረት አለ። ሠሪው ሐኑሽ የሚባል ሊቅ ነበር፤ ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ እንዳይሠራ ሹሞቹ ዓይኑን አስወጡት፤ እሱም ሰዓቱን አበላሽቶ ተበቀላቸው ይላል። እውነተኛው ሠሪ የካዳኑ ሚኩላሽ ነው። ተረቱ ግን አልሞተም፣ የሚንጠለጠልበት ዕቃ እዚያው ስላለ። ላሊበላ ሄደሽ ከሆነ በቤተ ጊዮርጊስ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው ተብሎ የሚታየውን ድንጋይ አስታውሺ። እጅሽን ታሳርፊበታለሽ። ተረት እንዲህ የሚዳሰስ ነገር ይፈልጋል።

ቤተ መንግሥቱን ማየትሽ ስለማይቀር ብዙ አልልም። ውስጡ ያለው የቅዱስ ቪተስ ካቴድራል በ1344 ተጀምሮ ያለቀው በ1929 መሆኑን ብቻ ያዢ። ቅድመ አያቱ የጀመረውን ድንጋይ ሲጠርብ የሚሞት ሰው በታሪክሽ ውስጥ ቦታ አያጣም። ስትወርጂ በኔሩዳ መንገድ ውረጂ። የቤት ቁጥር የመጣው በ1770 ነው፤ ከዚያ በፊት ቤት የሚታወቀው በሩ ላይ ባለው ምልክት ነበር። ሦስት ቫዮሊን፣ ሁለት ፀሐይ፣ ወርቃማ ቁልፍ፣ ቀይ በግ። "ከፋርማሲው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር" እያልን ላደግን ሰዎች ይሄ ቶሎ ይገባናል። በጥር ደግሞ በአንዳንዱ በር ላይ የሦስቱ ነገሥታት (የሰብአ ሰገል) ስም መጀመሪያ ፊደሎች ከዓመቱ ጋር በነጭ ጠመኔ ተጽፈው ታያለሽ። ቤቱን ለመባረክ ነው። በሐምሌ አላየሁትም ነበር።

የመጨረሻው የአይሁድ ሰፈር ነው። አሮጌ-አዲስ የሚባለው ምኩራብ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። በ1609 ያረፉት ረቢ ሎው ከወንዝ ጭቃ ጎሌም የሚባል ፍጡር ሠርተው ሕዝባቸውን ያስጠብቁ ነበር ይላል ተረቱ። በኋላ ነፍሱን ወሰዱበት፤ በድኑም የምኩራቡ ቆጥ ላይ ተቀመጠ። የጎሌም ምስል የቁልፍ መያዣ ላይ ሳይቀር ይሸጣል፤ እሱን እለፊው። በሕንፃው ኋላ ዙሪና ቀና በይ። ግድግዳው ላይ የብረት መወጣጫ ተሰክቷል፤ እስከ ቆጡ ትንሽ በር ይሄዳል። የመጀመሪያው ብረት ግን የሚጀምረው ከሰው ቁመት በላይ ነው። የታችኞቹ የሉም። እኔ እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩም። ጭራቁን ከምታሳዪ፣ እጅ የማይደርስበትን መወጣጫ አሳዪ።

ለጉዞው አራት ቀን ይበቃሻል። ውሃ የማያስገባ፣ ሶሉ ወፍራም ጫማ ግዢ፤ የኔ ርሶ ሁለተኛውን ቀን ግማሹን አባክኖብኛል። እርሳስ ያዢ፤ እስክሪብቶ በብርዱ አልጽፍ ብሎኛል። ስልክሽን ከውስጥ ኪስ አድርጊ፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ሲበርድሽ ቼስኔችካ የሚሉትን የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ጠይቂ፤ ጾም ላይ ከሆንሽ ግን አይብና እንቁላል ስለሚጨምሩበት አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ምኩራቡ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ድረሺ፤ ጨለማው መውረድ ሲጀምር መወጣጫው ከታች ወደ ላይ ነው የሚጠፋው።