ማስተማሩን ትቼ የባህሪ አሰልጣኝ ልሁን ወይ ላልሽኝ መምህርት

ሰላም መምህርት፣ የላክሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ሌሎችም ተመሳሳይ ነገር ስለሚጠይቁ ጉዳይሽን ባጭሩ ልድገመው፦ ደሴ አንደኛ ደረጃ ላይ ስድስት ዓመት አስተምረሻል፣ በኤክስቴንሽን ሳይኮሎጂ ጨርሰሻል፣ አንድ ኤንጂኦ ባዘጋጀው የሶስት ቀን ቲኦቲ (የአሰልጣኞች ስልጠና) ላይ ያለ ዱላ ስነ ምግባር ስለማስያዝ ሰልጥነሽ ስትመለሺ ርዕሰ መምህሩ «በይ አንቺ ደግሞ ለሌሎቹ ስጪ» አለሽ፣ ግማሹ ስልኩን እየነካካ ግማሹ «እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» እያለ አለቀ፣ አንቺ ግን መምህራንን ስለ ተማሪ ባህሪ ማሰልጠኑን ወደድሽው። አሁን ማስተማሩን ለቅቄ በዶላር የሚከፈል የኦንላይን ሰርተፍኬት ይዤ ኤንጂኦ ላመልክት ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትልቀቂ። ቢያንስ ዘንድሮ አትልቀቂ።

ምን መሰለሽ፣ ኢትዮጆብስ የሚባለው የስራ ማስታወቂያ ድረ ገፅ ላይ «የባህሪ አሰልጣኝ» የሚል ማስታወቂያ ብትፈልጊ ብዙም አታገኚም፣ ስራው የሚገኘው «የልጆች ጥበቃ ኦፊሰር» ወይ «የአደጋ ጊዜ ትምህርት ኦፊሰር» በሚል ርዕስ ስር ነው፣ ዝርዝሩን ስታነቢ መሃል ላይ መምህራንን ማሰልጠንና መከታተል የሚል አለበት። ኢንተርቪው ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ይህን ያህል መምህር አሰልጥኛለሁ ብሎ ቁጥር ይደረድራል። «እሺ፣ ካሰለጠንሽ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ምን ተለወጠ?» ሲባል ግን አብዛኛው ዝም ነው። ያንን መመለስ የምትችይው አሁን ባለሽበት ቦታ ላይ ሆነሽ ነው፣ ከለቀቅሽ ክፍሉም መምህራኑም የሉሽም።

ስልጠናሽ አልሰራም ብለሽ ያዘንሽውም ያንቺ ድክመት አይመስለኝም። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ የሚባሉ አሜሪካውያን ገና በ1980ዎቹ (በፈረንጅ) የፃፉት ነገር ነው፣ መምህር አዳራሽ ውስጥ የሰማውን ክፍል ገብቶ እንዲሰራበት ከተፈለገ ሲሰራ አይቶ፣ ራሱ ሞክሮ፣ ከዚያ ክፍሉ ድረስ የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል፣ ንግግር ብቻውን ብዙም አይሻገርም። አዳራሹ ውስጥ ፓወርፖይንት የሚያነብ ሰው ሞልቷል እኮ፣ የጠፋው ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አይቶ ከፔሬዱ በኋላ ከመምህሩ ጋር የሚያወራው ነው። አንቺ እሱን ሁኚ።

ስለዚ ሁሉንም መምህር ተይና ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሰዎች ምረጪ። የክፍል አለቃው በየቀኑ የሚፅፈው የረባሾች ስም ዝርዝር አለ አይደል? እሱን ወረቀት አትጣዪው፣ ሁለት ሳምንት ሰብስቢውና ማን ብቻ ሳይሆን በስንተኛው ፔሬድ፣ ረብሻው ከመነሳቱ በፊት ምን እየተሰራ ነበር፣ ከዚያ መምህሩ ምን አደረገ የሚለውን ጨምሪበት። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ነገር ከእረፍት መልስ ያለው ጊዜ፣ መምህር የዘገየበት፣ ቶሎ የጨረሱ ልጆች ስራ ፈተው የተቀመጡበት ነው። ያኔ ከመምህሩ ጋር የምታወሩት ስለ ልጁ ፀባይ መሆኑ ቀርቶ ስለነዚያ አምስት ደቂቃዎች ይሆናል። ከእረፍት ሲመለሱ ምን እንደሚደረግ ልጆቹን እንደ ትምህርት አስተምሩት፣ አለማምዱት፣ ሲያደርጉት ደግሞ ያደረጉትን ነገር በስሙ ጠርታችሁ ንገሯቸው። «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም፣ «ሳይነገርሽ ደብተርሽን አወጣሽ» ሲባል ነው ልጅቷ ምን እንደተወደደላት የምታውቀው። የአለቃውን ዝርዝር በኔ በኩል ጭራሽ ቢቀር ደስ ይለኛል፣ ልጅን በልጅ ማሰለል ነው፣ ግን መጀመሪያ ተጠቀሚበት።

«ተገርፈን ነው» ለሚሉት፣ ህገ መንግስቱን ይዘሽ አትግቢ። እርግጥ የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀፅ 36 ህፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል፣ ይሄን ማወቅ አለብሽ፣ ግን በሱ ከጀመርሽ ሰው የተከሰሰ ይመስለዋልና ጆሮውን ይዘጋል። ይልቅ «ዘንድሮ አብዝታችሁ የቀጣችሁት እነማንን ነው?» በያቸው። እነዚያው ሶስት አራት ስሞች ይመጣሉ። ቅጣቱ ቢሰራማ ስማቸው እስከ ጥር ይጠፋ ነበር። ሁለተኛው ተቃውሞ «70 ልጅ ይዘን እንዴት?» ነው፣ እሱ ልክ ነው፣ አትናቂው። ከውጭ የሚመጣውን ስቲከርና ሽልማት እዛ ክፍል ውስጥ ልስራ ብትይ በሳምንቱ ያልቃል። ነገር ግን የአገባብ፣ የአወጣጥ፣ ደብተር የመሰብሰብ ስርዓት የበለጠ የሚያስፈልገው ለ70 ነው እንጂ ለ25 አይደለም።

ሰርተፍኬቱ ጋ ስንመጣ፣ ስሙን የፃፍሽልኝ ፒቢአይኤስ (መልካም ባህሪን እያስተማሩና እየደገፉ ስነ ምግባር ማስያዝ) የትምህርት ቤት አሰራር ነው እንጂ የግል ላይሰንስ አይደለም። ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያደገ ነው፣ ለሁሉም ተማሪ የሚሰራው መሰረት አለ፣ ያ ላልበቃቸው ጥቂት ልጆች በቡድን ድጋፍ፣ በጣም ለሚከብዳቸው ደግሞ ለየአንዳንዳቸው የተዘጋጀ ድጋፍ። በአሜሪካ መንግስት ገንዘብ የተቋቋመው ማዕከል መመሪያዎቹን ድረ ገፁ ላይ በነፃ ለቋቸዋል፣ ዶላርሽን ለዛ አታውጪ። ቢሲቢኤ የሚባለው የባህሪ ተንታኝ ሰርተፍኬት ሌላ ነው፣ እሱ ለግለሰብ የሚሰጥ ሆኖ ማስተርስና በሱፐርቪዥን የተሰራ ልምምድ ይጠይቃል፣ ሰጪው ቦርድም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ከአብዛኛው አገር አዲስ አመልካች መቀበል አቁሟል፣ ስለዚህ በዛ ስም ኮርስ የሚሸጥልሽ ካለ መጨረሻው ላይ የምትፈተኝበት ቦታ እንዳለ ጠይቂው።

ገንዘቡን ከቻልሽ ለማስተርስ አስቀምጪው። ካውንስሊንግ ይሻላል ወይስ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ብትይኝ ሁለተኛውን እመርጥልሻለሁ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለው። ለምን ካልሽ፣ ረባሽ ከሚባሉት ልጆች ውስጥ ሰሌዳው የማይታየው፣ በደንብ የማይሰማው፣ ንባብ የከበደው አለ፣ ይሄን የሚለይ አሰልጣኝ ክብደቱ ሌላ ነው።

አሁን የምትሰሪው እንዳይባክን ደግሞ በወረቀት ይግባ። የመምህራን የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያው በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ይላል፣ ብዙ ቦታ ሞጁል ተገልብጦ ፎልደር ውስጥ ነው የሚገባው፣ አንቺ የሁለቱን ክፍል ስራ የትምህርት ቤቱ የዓመት እቅድ ላይ አስይዢው፣ ፖርትፎሊዮሽ ላይ አስገቢው፣ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ክፍሉን አሳዪው። ሱፐርቫይዘር ካመነበት በጉድኝት ማዕከሉ ለጎረቤት ትምህርት ቤቶች እንድታቀርቢ ራሱ ይጠራሻል፣ ከዛ ወረዳው ይሰማል። አበል ላይኖረው ይችላል፣ አውቀሽው ግቢ።

የሁለቱን ሳምንት መዝገብ የአንደኛ ሴሚስተር ፈተና ሳይደርስ ላኪልኝና ከሱ ተነስተን ሲቪሽን አብረን እንፅፋለን። ስትልኪ የልጆቹን ስም በኮድ ቀይሪው፣ የመምህራኑንም።