ቬፕ ስቤ የአልኮል ምርመራ ብጠራስ? የሹፌሮች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ 9 ዓመት የትንፋሽ አልኮል መርማሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። አብዛኞቹ የመረመርኳቸው ትራክ ነጂዎች ናቸው። ሰሞኑን «ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ስቦ ፖዘቲቭ ወጣበት» የሚል ወሬ በሐበሻ ሹፌሮች መሀል ስለበዛ ጥያቄያችሁን ልቀበል ብዬ ነው። የማውቀው የዲኦቲን (የፌዴራሉን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ምርመራ ነው። የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበት ጠበቃውን ያማክር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቬፕ ውስጥ እውነት አልኮል አለ? እኔ የምስበው ማንጎ ነው።

መልስ፦ አለ። ጣዕም የሚሰጠው ቅመም በኢታኖል የሚሟሟበት ጊዜ አለ። ቢራና አረቄ ውስጥ ያለው ራሱ ማለት ነው። የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 56 ዓይነት የቬፕ ፈሳሽ ለክተው ነበር። አንዳንዱ ላይ ያገኙት ኢምንት ነው። ከሁሉ የበዛው ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ነበረው። ጠርሙሱን ብታገላብጠው ብዙ ጊዜ ይህ አልተጻፈበትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማሽኑ ላይ ይወጣል ማለት ነው?

መልስ፦ ይህን ረጋ ብዬ ላስረዳ፤ የብዙ ሰው እንጀራ የተያዘው እዚህ ላይ ነው።

ማሽኑ የሚፈልገው ከሳንባ ጥልቅ የሚወጣውን አየር ነው። ጠጥተህ ከሆነ አልኮሉ ደምህ ውስጥ ገብቷል። ደምህ በሳንባህ ሲያልፍ ወደ ትንፋሽህ ይተናል። ቬፕ የሳብክ እንደሆነ ግን አልኮሉ የቀረው አፍህና ጉሮሮህ ላይ ነው። እኛ «የአፍ አልኮል» እንለዋለን። ያን ደቂቃ ብትነፋ ማሽኑ አልኮል ሊያሳይ ይችላል። የአፍ አልኮል ግን ቶሎ ይጠፋል፤ ደም ውስጥ ያለው ጉበት እስኪጨርሰው ድረስ አብሮህ ይቆያል።

ደንቡ ምርመራውን ሁለት ያደረገው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ማጣሪያው ነው። ማሽኑ ያሳየው የአልኮል መጠን ከ0.02 በታች ከሆነ አበቃ፣ ወደ ጭነትህ ሂድ። 0.02 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 15 ደቂቃ ትጠብቅና ማረጋገጫው ይደረጋል። የሚቆጠረው የሁለተኛው ውጤት ነው። የቨርጂኒያዎቹ ተመራማሪዎች 20 በመቶ ኢታኖል ያለበት ፈሳሽ አስበው ሞክረውታል። ወዲያው ሲነፉ ታየ፤ የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልፍ ግን አልነበረም።

አንድ ጠዋት አንድ ልጅ ራንደም (በዕጣ ለሚደረግ ምርመራ) ተጠርቶ መጣ። በሩ ላይ ሲስብ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ሲገባ ክፍሉ ማንጎ ማንጎ ሸተተ። ነፋ። 0.031። ፊቱ አመድ መሰለ። «እናቴ ትሙት አልጠጣሁም» አለኝ። ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኩት። ውሃ ለመነኝ፣ ከለከልኩት። ትንሽ ቆይቶ ማስቲካ ከኪሱ ሲያወጣ «ተው፣ መልሰው» አልኩት። ሁለታችንም ሰዓቱን እያየን ጠበቅን። በ16ኛው ደቂቃ ድጋሚ ነፋ። 0.000። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

ስለዚህ በዚያ 15 ደቂቃ አትብላ፣ አትጠጣ፣ ማስቲካ አታኝክ፣ ቬፕ አፍህ ላይ አታድርግ፣ እስከቻልክ ድረስ አታግሳ። ብታደርገውም ምርመራው አይቀርም፤ መርማሪው ማስታወሻው ላይ ይጽፈዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥለህ እንዳትወጣ። ተናዶ መውጣት «እምቢ አለ» ተብሎ ይመዘገባል። መዘዙ ከፖዘቲቭ አያንስም።

ጥያቄ፦ ቬፕ ከሳብኩ በኋላ ስንት ሰዓት ልጠብቅ?

መልስ፦ ሰዓት አላልኩም። 15 ደቂቃ። ከላይ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ ፖዘቲቭ ከወጣ በኋላ ሐኪሙ ሲደውል «ቬፕ ነው» ብዬ ባስረዳውስ?

መልስ፦ ማንም አይደውልልህም። በድራግ ምርመራ ጊዜ ውጤቱን የሚያይ ሐኪም አለ፣ ያናግርሃል። በአልኮል ላይ እንዲህ ያለ ሐኪም የለም። ማረጋገጫው ያወጣው ቁጥር የመጨረሻው ነው። 15 ደቂቃዋን አክብሩ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁም ለዚህ ነው። መከላከያችሁ እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ቬፕ አልኮል ፖዘቲቭ ያደርጋል ወይስ አያደርግም? ባጭሩ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ አንብብ። የትኛው ምርመራ፣ ስንት ደቂቃ በኋላ የሚለው ካልተነገረኝ «ያደርጋል፣ አያደርግም» ብዬ ልመልስልህ አልችልም።

ባለ ሪፈሩ (የማቀዝቀዣ ትራክ ነጂው)፦ እኔ ቬፕ አልስብም። እሑድ ማኅበር ላይ ግን አንድ ጣሳ ጠላ አይቀርም። ሰኞ ንጋት ላይ እነሳለሁ።

የዴንቨሩ፦ ጠላ ምን አላት? ቅራሪ ከሆነች ውሃ በላት።

ባለ ሪፈሩ፦ የእኛ ሰፈር ቅራሪ አንተን ይጥልሃል።

ሌላ አባል፦ ቁርባንስ? ቄሱን ልጠይቅ ወይስ እዚህ?

የዴንቨሩ፦ ቁርባኑ ከዘቢብ ነው የሚዘጋጀው፣ ያልፈላ ነው። ጠላና ቁርባን አንድ ላይ አይነሣም።

መልስ፦ እባካችሁ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ጠላ አልኮል ነው፤ ቅራሪም አልኮል ነው። ብርዝም ከሰነበተ ይፈላል። ደንቡ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ባሉት 4 ሰዓታት ምንም አልኮል አትቅመስ ይላል። አራቱ ሰዓት አለፈ ማለት ግን ደምህ ጸዳ ማለት አይደለም። ማታ ብዙ የጠጣ ሰው ጠዋት ከነአልኮሉ መሪ ሊይዝ ይችላል። ያን ጊዜ በቬፕ ማመካኘት አያዋጣም፤ ማረጋገጫው ይለየዋል።

ጥያቄ፦ ማረጋገጫው 0.025 ቢሆንስ?

መልስ፦ ከ0.02 እስከ 0.039 ከሆነ 24 ሰዓት አትነዳም። ክሊሪንግሃውስ (የሹፌሮች የድራግና የአልኮል ጥሰት የሚመዘገብበት የፌዴራል መዝገብ) ላይ ግን አይገባም። 0.04 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይገባል። ያኔ የአልኮልና የድራግ ጉዳይ ባለሙያ ዘንድ ትቀርባለህ፣ ወደ ሥራ ስትመለስም በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 6 ድንገተኛ ምርመራ ይጠብቅሃል። ከኖቬምበር 18 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ ስምህ መዝገቡ ላይ «እንዳይነዳ የተከለከለ» ተብሎ ከተገኘ ስቴቱ ሲዲኤልህን (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድህን) ወደ ተራ መንጃ ፈቃድ ያወርደዋል።

ጥያቄ፦ የሲቢዲ (ከካናቢስ ተክል የሚወጣው፣ የማያሰክረው) ቬፕስ?

መልስ፦ ሌላ ጉዳይ ነው። አትንኩት። ቲኤችሲ (የካናቢስ አስካሪው ንጥረ ነገር) ከተገኘባችሁ «ሲቢዲ ነው» ማለት ተቀባይነት የለውም። ዲኦቲ በ2020 በግልጽ ተናግሯል።

ጥያቄ፦ ለእረፍት አዲስ አበባ ስሄድ ቬፔን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 አገር ውስጥ ማስገባትም መሸጥም ተከልክሏል።

ጥያቄ፦ ሹፌር አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ። ፈቃዴ ክትትል ላይ ነው፤ የሚመረምሩኝ በሽንት ነው። 15 ደቂቃው ለእኔም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም እህቴ፤ እንኳን ጠየቅሽ። ሹፌሮች ይህን አያውቁትም፤ ዲኦቲ ለአልኮል ሽንት አይጠቀምም። ያንቺው ኢቲጂ ይባላል። የሚፈልገው አልኮሉን ሳይሆን፣ ሰውነትሽ አልኮልን ሲያስወግድ የሚተወውን ዱካ ነው። ዱካው እስከ 3 ቀን ገደማ ሊቆይ ይችላል፣ በጣም ጥቂት አልኮልም ይበቃዋል።

የዬል ተመራማሪዎች በ2016 ያወጡት ጥናት አለ። 23.5 በመቶ አልኮል ያለበትንና 0.4 በመቶ ያለበትን ፈሳሽ አነጻጸሩ። የሳቡት ሰዎች ሰከርን አላሉም። ከአንዳንዶቹ ሽንት ግን ኢቲጂ ተገኘ። እጃቸውን በሳኒታይዘር ደጋግመው ባሹ ሰዎች ላይም ታይቷል፤ ይህን እናንተ ነርሶች ከማንም በላይ ልታውቁት ይገባል። የፌዴራሉ የሱስ ሕክምና መሥሪያ ቤት ሳምሳም በ2006 ኢቲጂ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን እንደማይገባ አስጠንቅቋል።

መቁረጫው (ፖዘቲቭ የሚባልበት መጠን) 100 ነው ወይስ 500 ናኖግራም ብለሽ ጠይቂ። በ100 ከሆነ ትንሽ ንክኪም ሊያስይዝሽ ይችላል። ሳትጠጪ ፖዘቲቭ ከወጣብሽ ፔዝ የሚባለውን የደም ምርመራ ቶሎ ጠይቂ። እሱ ያለፉትን ሁለት ሦስት ሳምንታት መጠጥ ያሳያል። ክትትሉ እስኪያልቅ ደግሞ ቬፑን ተዪው። ምግብሽ ውስጥ ያለ ቫኒላ፣ የሳል ሽሮፕ፣ ሁሉንም እያየሽ።

ጥያቄ፦ የአፍ ማጠቢያዬም?

መልስ፦ አዎ። የታወቀው ሊስተሪን ራሱ ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ነው። ጀርባውን አንብቢ፤ አልኮል የሌለበት አለ። ዛሬ ማታውኑ ቀይሪው።